ከብዕር በፊት ያለው ሥራ፦ የመመረቂያ ጥናት ዝግጅትና የመምህራንና የኢማሞች ድርሻ

መግቢያ

በየዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ለማጠናቀቅ የተቃረቡ ወጣቶች ከትምህርት ክፍላቸው የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ወደ መስጊዶች፣ ወደ ዛውያዎችና ወደ ሸይኾች ቤት ይመጣሉ። ጥያቄያቸው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ስለ መስጊዱ አመሠራረት፣ ስለ አንድ ታላቅ ሸይኽ ሕይወት፣ ወይም በሣጥን ተቆልፈው ስለሚኖሩ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ይጠይቃሉ። ኢማሙ የሚያውቀውን ይነግራል፤ ወጣቱ ይጽፋል፤ አመስግኖም ይሄዳል። ጽሑፉ ተጠናቆ ሲቀርብ ግን አንዳንዱ ለትውልድ የሚተርፍ ማስረጃ ይሆናል፤ ሌላው ቀድሞ የተባለውን ከመድገም አያልፍም። ይህ ልዩነት ከወጣቶቹ የአእምሮ ብቃት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። አብዛኛው የሚወሰነው የመጀመሪያው ምዕራፍ ከመጻፉ በፊት፣ በዝግጅቱ ወራት ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ለማለፊያ ውጤት ብቻ የሚሠራ ትንሽ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ያዘጋጇቸውና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት ጽሑፎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ስለ አንድ አውራጃ፣ ስለ አንድ ገበያ ወይም ስለ አንድ ከተማ የተጻፉት እነዚህ ሥራዎች ዛሬም በታላላቅ ተመራማሪዎች መጻሕፍት ውስጥ በማስረጃነት ይጠቀሳሉ። ተማሪው በጊዜው ያነጋገራቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቃላቸው የቀረው ያ ተማሪ በጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ኡለማቸው በደረታቸው፣ ኪታቦቻቸውም በየሣጥኑ ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች ይህ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ አንገብጋቢ ነው። ምስጥና እርጥበት፣ ተውሶ አለመመለስ፣ ስውር ሽያጭና የባለቤቱ ሞት ከኪታቦቹ በየጊዜው ይቀንሳሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ጥሩ የመመረቂያ ጥናት የሚወለደው የተማሪው ጥያቄ በእጁ ሊደርስ ከሚችለው ማስረጃ ጋር ሲመጣጠን ነው፤ በእስልምና ጥናት መስክ ደግሞ የማስረጃው በር ጠባቂዎች በአብዛኛው መምህራኑና ኢማሞቹ ናቸው። ስለዚህ ተማሪው ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ማወቅ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ደጁ ለሚንኳኳበትም ሰው ያስፈልጋል።

ከርዕስ ወደ ጥያቄ

አብዛኛው ተማሪ የሚነሣው ከርዕስ ነው። ለምሳሌ አንድ የታሪክ ተማሪ «የእስልምና ታሪክ በወሎ» የሚል ርዕስ ይዞ መጣ እንበል። ርዕሱ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ የትምህርት ዓመት ቀርቶ በአንድ የሰው ዕድሜም የሚያልቅ አይደለም። ርዕስ የቦታና የነገር ስም ነው፤ ጥያቄ ግን መልስ የሚሻ፣ መልሱም ትክክል ወይም ስሕተት መሆኑ የሚፈተን ነው። የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሥራ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው መሻገር ነው።

ያንን ሰፊ ርዕስ ደረጃ በደረጃ ማጥበብ ይቻላል። በመጀመሪያ ቦታው ይጠባል፤ ከወሎ ወደ አንድ ወረዳ፣ ከወረዳው ወደ አንድ የትምህርት ማዕከል። ቀጥሎ ዘመኑ ይጠባል፤ ለምሳሌ ከ1878 እ.ኤ.አ. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ። በመጨረሻም ነገሩ ይጠባል፤ «ታሪክ» የሚለው ቃል ለቆ በምትኩ የሚቆጠርና የሚነበብ ነገር ይገባል። እንዲህ ሲሆን ጥያቄው «በዚህ መስጊድ በሚገኙት የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ላይ የሰፈሩት የባለቤትነትና የወቅፍ ማስታወሻዎች፣ ኪታቦቹ ከየት መጥተው በማን እጅ እንዳለፉ ምን ይነግሩናል?» ወደሚል ይደርሳል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። መልሱ ግን ደረሳዎች ከየት ወደ የት ይጓዙ እንደነበር፣ የትኞቹ የፊቅህና የነሕው ኪታቦች ይቀሩ እንደነበር፣ ሴቶች ኪታብ ይወርሱና ወቅፍ ያደርጉ እንደሆነ ሁሉ ሊገልጥ ይችላል።

ጥያቄው መጠኑን ማግኘቱ በሦስት መንገድ ይፈተናል። አንደኛ፣ ለመልሱ የሚያስፈልገው ማስረጃ የት እንዳለ ተማሪው በስም መጥራት መቻል አለበት፤ «አረጋውያንን እጠይቃለሁ» ማለት አይበቃም፤ ስንት አረጋውያን፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ስለምን ሊናገሩ እንደሚችሉ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ማስረጃው ተማሪው በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት፤ ዐረብኛ ያልቀራ ተማሪ በዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ላይ ጥያቄ ቢያነሣ የሚጽፈው የአንባቢውን ቃል እንጂ የኪታቡን ቃል አይደለም። ሦስተኛ፣ ተማሪው ገና ሳይጀምር ሊደነቅበት የሚችል መልስ መኖር አለበት። መልሱ አስቀድሞ ከታወቀ ጥናት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ውዳሴ ብቻ ነው።

ቀድሞ የተጻፈውን ማወቅ

የዲን ተማሪ አንድ መስአላ ሲነሣ የቀደሙት ኡለማ ምን እንዳሉ ሳይመለከት ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ የመመረቂያ ጥናት አዘጋጅም በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ መስክ መውጣት የለበትም። በወሎ እስልምና ላይ ለሚሠራ ተማሪ የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት፣ የ19ኛውን መቶ ዓመት ወሎ የሚመለከተው መጽሐፍ የማይታለፍ መነሻ ነው። መጽሐፉ የሚጠቅመው በውስጡ ባለው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ደራሲው በየማዕከሉ ያገኟቸውን የዐረብኛ ጽሑፎች፣ ከአረጋውያን የሰሟቸውን ትረካዎችና የመንገደኞችን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዴት እንደሚመዝኑ ስለሚያሳይም ጭምር ነው።

ይህ ንባብ ዝርዝር ለመደርደር የሚደረግ አይደለም። ተማሪው ያነበበውን እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ገጽ ማስታወሻ ቢያጠቃልል ይበቃል፤ ደራሲው ምን ጠየቀ፣ በምን ማስረጃ መለሰ፣ ያላየው ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ለተማሪው የራሱን ቦታ ያሳየዋል። ቀድሞ የተጻፉት ሥራዎች ስለ ሸይኾቹ ሕይወት ብዙ ብለው ስለ ኪታቦቻቸው ዝም ካሉ፣ የተማሪው ሥራ ዝምታው ካለበት ይጀምራል።

ዛሬ ብዙ ተማሪዎች «አል-መክተበቱ ሻሚላ» ከሚባለው የኤሌክትሮኒክ የኪታቦች ስብስብ ይጠቀማሉ። ለፍለጋ ያለው ጥቅም ታላቅ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉ አንዳንድ ኪታቦች የገጽ ቁጥራቸው ከታተመው ቅጂ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በፍለጋ የተገኘው ቃል ወደ ታተመው ኪታብ ተወስዶ በዐይን ሳይታይ በግርጌ ማስታወሻ ሊሰፍር አይገባም። ደግሞም ፍለጋ የተፈለገውን ቃል ብቻ ነጥሎ ስለሚያወጣ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለው ሐሳብ ይቀራል። ሙሉውን ባብ ማንበብ ለዘመኑ ተማሪም ግዴታ ነው።

ማስረጃው እንዴት ደረሰኝ?

በዚህ ረገድ የኪታብ ትምህርት ያለፈ ሰው ከሌላው ተማሪ የሚበልጥበት ሀብት አለው። ዜና ሲመጣ ማጣራት በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የታዘዘ ነው፤ የሐዲስ ኡለማም ይህን ማጣራት ራሱን የቻለ ዕውቀት አድርገውታል። በደማስቆ በዳሩል ሐዲስ አል-አሽረፊያ ያስተማሩትና በ643 ዓመተ ሂጅራ (1245 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ኢብኑ ሰላሕ፣ በታወቀው ሙቀዲማቸው ዕውቀት ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍባቸውን ስምንት መንገዶች ለያይተው አስቀምጠዋል። እነርሱም ከመምህሩ አንደበት መስማት (ሰማዕ)፣ በመምህሩ ፊት ማንበብ (ቂራአ)፣ ፈቃድ (ኢጃዛ)፣ ኪታቡን በእጅ መስጠት (ሙናወላ)፣ በጽሑፍ መላክ (ሙካተባ)፣ ማሳወቅ (ኢዕላም)፣ በኑዛዜ መተው (ወሲያ) እና ማግኘት (ዊጃዳ) ናቸው።

ይህ ክፍፍል ለመመረቂያ ጥናት አዘጋጅ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ተማሪው በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በሚያሰፍረው እያንዳንዱ ቃል አጠገብ ያ ቃል በየትኛው መንገድ እንደደረሰው ማመልከት አለበት። ሸይኹ በቃላቸው የነገሩት አንድ ነው፤ ተማሪው አንብቦላቸው ያረሙት ሌላ ነው፤ በኪታብ ኅዳግ ላይ ጸሐፊው ሳይታወቅ የተገኘ ማስታወሻ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ይህ የመጨረሻው ዊጃዳ ይባላል። ኡለማ የእንዲህ ያለውን ነገር ሲያስተላልፉ «ነገረን» አይሉም፤ በእገሌ የእጅ ጽሑፍ እንዳገኙት ብቻ ይገልጻሉ። ተማሪውም የኅዳጉን ማስታወሻ አግኝቶ «ሸይኹ እንዲህ ብለዋል» ብሎ ከጻፈ፣ ያልሰማውን እንደሰማ ተናግሯል ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት የሚባለው ነገር በመሠረቱ ይኸው ጥንቃቄ ነው፤ ለደረሳ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

የእጅ ጽሑፉን ለማንበብ መዘጋጀት

ኪታብ የሚያጠና ተማሪ መትኑን ብቻ አንብቦ ከተነሣ ግማሹን ማስረጃ ትቶታል። ከመስክ ሥራው በፊት ለእያንዳንዱ ኪታብ የሚሞላ አንድ ቅጽ ቢያዘጋጅ ይጠቅመዋል። በቅጹ ውስጥ የኪታቡ ስም፣ የደራሲውና የገልባጩ ስም፣ የቅጠሎቹ ብዛት፣ በአንድ ገጽ ያሉት መስመሮች ቁጥር፣ ቁመቱና ወርዱ፣ የቆዳው ልባስ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም የት የት እንደገባ ይመዘገባል። ከገጹ ግርጌ የተጻፈው፣ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል የሚያመለክተው ቃል ከቀጣዩ ገጽ ጋር መግጠሙ ከተመረመረ የጎደለ ቅጠል መኖሩ ይታወቃል። የመጨረሻው ገጽ ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ ይነበባል፤ ገልባጩ ስሙን፣ አገሩንና የጨረሰበትን ቀን የሚያኖረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና።

ወረቀቱም ራሱ ይናገራል። ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዝ በውስጡ የፋብሪካው ምልክት ሊታይ ይችላል። በጣሊያን ተሠርቶ ወደ ሙስሊሙ ዓለም በብዛት ይላክ የነበረው ሦስት ጨረቃ ያለበት ወረቀት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ገልባጩ ዘመኑን ባይጽፍም እንኳ የወረቀቱ ምልክት ኪታቡ ከምን ጊዜ በፊት ሊጻፍ እንደማይችል ለማወቅ ይረዳል።

ዘመን አቆጣጠር ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀናት ስላሉት በየዓመቱ ከፀሐይ አቆጣጠር 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ 33 የሂጅራ ዓመታት ከ32 የፀሐይ ዓመታት ጋር ይቀራረባሉ። ስለዚህ አንድን ቋሚ ቁጥር በመደመር ወይም በመቀነስ ብቻ መለወጥ አይቻልም። በኪታቡ መጨረሻ 1318 ተብሎ ብቻ ቢገኝ፣ ያ ዓመት የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1900 መባቻ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1892 ሲሆን፣ የተፈጸመው በሚያዝያ 1893 ነው። ወሩ ካልታወቀ በጥናቱ ውስጥ «1892/93 ዓ.ም.» ተብሎ መጻፍ አለበት። ረመዷን የሚል ቃል ከተጨመረበት ግን በታኅሣሥና በጥር 1893 መካከል መሆኑ ይለያል። ተማሪው በጥናቱ ሁሉ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚከተል ከመጀመሪያው ወስኖ፣ በኪታቡ ላይ የተገኘውን ቁጥር ግን እንዳለ ጠብቆ ማስፈር ይኖርበታል።

አንዳንድ ገልባጮችና ገጣሚዎች ዘመኑን በአሐዝ ፈንታ በፊደላት ዋጋ ይሰውራሉ። በምሥራቁ የአብጀድ ሥርዓት ሺን 300፣ ራእ 200፣ ፋእ 80 ስለሆኑ «ሸረፍ» የሚለው ቃል 580 ይሆናል። በመግሪቡ ሥርዓት ግን ሺን 1000 ነው፤ ስለዚህ ያው ቃል 1280 ይሆናል። የትኛው ሥርዓት እንደተሠራበት ሳይታወቅ የተሰላ ዘመን የሰባት መቶ ዓመት ስሕተት ያመጣል ማለት ነው።

በዐጀም የተጻፉ መንዙማዎችን የሚያጠና ተማሪ ደግሞ ሌላ ዝግጅት ያስፈልገዋል። የዐረብኛ ፊደል ሦስት የአናባቢ ምልክቶች ሲኖሩት አማርኛ ሰባት ድምፆች አሉት፤ ጨ፣ ጰ፣ ኘና የመሳሰሉትም በዐረብኛ ፊደል ቦታ የላቸውም። ገልባጮች ነጥብ በመጨመር ወይም ቅርብ የሆነውን ፊደል በመዋስ ይጽፏቸዋል፤ ልማዳቸውም ከአገር አገር ይለያያል። ዶማ ለካዕብም ለሳብዕም በሚያገለግልበት ጽሑፍ «ቁም» እና «ቆም» በአንድ መልክ ሊጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ የዐጀም ጽሑፍ በዐይን ብቻ አይነበብም፤ መንዙማውን በዜማ የሚያውቅ ሰው ሲያነብበው መስማት ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሸይኽ ጦልሐ ጃዕፈር በአማርኛ ዐጀም ከገጠሙት ታላላቅ ኡለማ አንዱ ናቸው፤ የእርሳቸውን ዓይነት ሥራ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ የአካባቢውን አነጋገር የሚያውቅ አንባቢ ከአሁኑ መፈለግ አለበት።

የሚነገረውን ለመመዝገብ መዘጋጀት

አረጋውያን ዘመንን በቁጥር አይናገሩም፤ በታላላቅ ክስተቶች ይለኩታል። «ከክፉ ቀን በኋላ»፣ «ከሰገሌ በፊት»፣ «ጣሊያን ሲገባ» ይላሉ። ተማሪው የእነዚህን ዘመን አስቀድሞ ጽፎ መያዝ አለበት፤ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ 1928 ዓ.ም. ነው። አንድ አረጋዊ ሸይኹ ከሰገሌ ሁለት ክረምት በኋላ እንደሞቱ ቢናገሩ፣ ይህ ከመቃብሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ወይም ከኪታቡ ኅዳግ ጋር የሚነጻጸር ጽኑ ማስረጃ ነው።

ጥያቄዎቹ ተናጋሪውን ወደ ተፈለገው መልስ የሚመሩ መሆን የለባቸውም። «ሸይኹ በዚህ አካባቢ የመጀመሪያውን መስጊድ መሥራታቸው እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አዎንታን ይሰማል፤ «ከዚህ መስጊድ በፊት ሰዎች ጁምዐ የት ይሰግዱ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አዲስ ነገር ይማራል። ተናጋሪው ነገሩን ራሱ ያየው፣ ከአባቱ የሰማው ወይም በሰፊው የሚወራውን የደገመው መሆኑ በእያንዳንዱ ቃል ላይ መጠየቅ አለበት። አሥር ሰዎች አንድ ነገር ቢናገሩና አሥሩም የሰሙት ከአንድ ሸይኽ ቢሆን፣ ማስረጃው አሥር አይደለም፤ አንድ ነው። የሐዲስ ኡለማ የሰነዶችን መገናኛ የሚመረምሩት ለዚሁ ነው።

ስለ ደጋግ ሰዎች ከራማ የሚነገሩ ትረካዎችን በተመለከተ ተማሪው ሁለት ስሕተቶችን መሸሽ አለበት። ትረካውን እንደ ተራ ወሬ ቆጥሮ መጣል አንደኛው ነው፤ ያለ ምንም ልየታ እንደ ተረጋገጠ ክስተት መጻፍ ሁለተኛው ነው። ትክክለኛው መንገድ ትረካው በማን፣ መቼ፣ በምን ስብሰባ ላይ እንደሚነገር መመዝገብና ማኅበረሰቡ ስለ ሸይኹ ያለውን ግንዛቤ የሚያሳይ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ነው። በመውሊድና በዚያራ ጉዳይ በሙስሊሞች መካከል ባለው ክርክርም የመመረቂያ ጽሑፍ ፈራጅ ሊሆን አይችልም፤ የየወገኑን አቋም ባለቤቶቹ በሚቀበሉት ቃል ማስፈር ግን ይችላል፤ ይገባዋልም።

አማና

ኪታብም ቃልም ለተማሪው የሚሰጠው በአማና ነው። ኪታቡ ከተቀመጠበት ቤት መውጣት የለበትም፤ ፎቶ የሚነሣው እዚያው፣ በባለቤቱ ፈቃድና በፊቱ ነው። የተነሣው ፎቶ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ወይም ለመስጊዱ መመለስ አለበት። እንዲህ ሲደረግ ኪታቡ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ አይጠፋም። ቅርሶችን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ተማሪውም ኢማሙም ማወቅ አለባቸው፤ ኪታቡን ሊገዛ የሚጠይቅ «ተመራማሪ» ከመጣ ጥያቄው የጥናት አይደለም። በሕይወት ያሉ ሰዎች የተናገሩት ነገር በስማቸው እንዲወጣ መፍቀዳቸው መጠየቅ ይኖርበታል፤ የመሬትና የውርስ ጠብ የሚያስነሣ ማስታወሻ ቢገኝ ደግሞ ከመጻፉ በፊት ከአማካሪ መምህሩ ጋር ይመከርበታል።

የሌላውን ድካም እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብም የአማና መጉደል ነው። ይህ ጥንቃቄ ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ የመጣ አይደለም። በ911 ዓመተ ሂጅራ (1505 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ በደራሲና በሌባ መካከል ስላለው ልዩነት ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል። ካለፈው ዓመት ተመራቂ ጽሑፍ ላይ ገጽ ገልብጦ ስሙን ብቻ የሚለውጥ ተማሪ የሚበድለው መምህሩን ብቻ አይደለም። የአንድ አረጋዊ ቃል በሁለት ሰዎች የተሰማ ይመስላል፤ ወደፊት የሚመጣው አጥኚም አንዱን ማስረጃ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ፕሮፖዛልና የጊዜ ሠሌዳ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተማሪው የጥናቱን ፕሮፖዛል ለመጻፍ ይደርሳል። ከአምስት ወይም ከስድስት ገጽ መብለጥ የለበትም፤ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀድሞ የተባለውንና ያልተባለውን፣ የማስረጃዎቹን ዓይነትና ቦታ፣ የሚነበቡበትን መንገድ፣ የማይነካውን ወሰን፣ በመጨረሻም ጊዜውን ይገልጻል። የማይነካውን ወሰን መጻፍ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው፤ ነገር ግን ጥናቱን ከመስፋት የሚጠብቀው እርሱ ነው።

የጊዜ ሠሌዳው የዩኒቨርሲቲውን ቀን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ወቅት መከተል አለበት። በክረምት ወደ ገጠር መስጊዶች የሚወስዱ መንገዶች ይዘጋሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው በአጨዳና በውቂያ ላይ ነው፤ በረመዷን ቀን ረዥም ንግግር ጾመኛ አረጋዊን ያደክማል። በአንጻሩ በረቢዐል አወል በየማዕከሉ ከሩቅ የሚሰበሰቡ ሰዎች ስለሚኖሩ ለብዙ ቀናት ጉዞ የሚፈለጉ ተናጋሪዎች በአንድ ቦታ ይገኛሉ። የሂጅራ ወራት በየዓመቱ ስለሚዞሩ ይህ በየዓመቱ አዲስ ሆኖ መሰላት አለበት።

ከመስክ በፊት አንድ አጭር የሙከራ ጉዞ ማድረግ ተገቢ ነው። ሁለት ኪታብ ብቻ አይቶ፣ አንድ አረጋዊ ብቻ አነጋግሮ የተመለሰ ተማሪ ቅጹ የት እንደሚጎድል፣ የትኛው ጥያቄ እንደማይገባ ያውቃል። ኪታቦቹ በቃል እንደተነገረው አርባ ሳይሆኑ አራት ሆነው ቢገኙም ጥያቄውን ለመለወጥ ገና ጊዜ አለው። ከመስክ ከተመለሰ በኋላ ሦስት ወር ለጽሑፍና ለእርማት ካላስቀረ ግን የሰበሰበው ሁሉ ሳይፈጭ እንደቀረ እህል ይሆናል።

የመምህሩና የኢማሙ ድርሻ

የዩኒቨርሲቲው አማካሪ የጥናቱን ሥርዓት ያውቃል፤ ኪታቡ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ኢማሙና የመድረሳው መምህር ሁለተኛውን ያውቃሉ። በዚህ መካከል የቆመው ወጣት የሁለቱም እርዳታ ያስፈልገዋል።

ወጣቱ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ኢማሙ በመጀመሪያ «ጥያቄህ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ርዕስ ብቻ ከመለሰ ቁጭ ብሎ ማጥበብን ማገዝ፣ በመስጊዱ ያለውን ማስረጃ በእውነት መግለጽና የሌለውን አለ አለማለት ከሁሉ የሚበልጥ እርዳታ ነው። ነሕው የተማሩ መምህራን ተማሪው የገለበጠውን የመጨረሻ ገጽ ጽሑፍ ከዋናው ጋር አመሳክረው ቢያርሙለት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስሕተቱ ግን ካልታረመ ለመቶ ዓመት ይጠቀሳል። ሌሎች ሊነግሩት የሚችሉ ሰዎችን፣ ከራሱ ከኢማሙ የተለየ የሚያስቡትንም ጭምር ማመልከት የዕውቀት አደብ ነው።

ከኢማሙ የማይጠበቀው ደግሞ ጽሑፉ ውዳሴ እንዲሆን መሻት ነው። ኪታቡ የመስጊዱ መሥራች ናቸው ከሚባሉት ሸይኽ በፊት የነበረ ሌላ ባለቤት ቢያሳይ፣ ወይም በቃል ሲነገር የኖረው ዘመን በሠላሳ ዓመት ቢሳሳት፣ ያ ማኅበረሰቡን አያሳንስም። የሐዲስ ኡለማ የገዛ ዘመዶቻቸውን እንኳ ደካማ አስተላላፊ ከማለት አልተመለሱም፤ ዕውቀታቸው የታመነውም በዚሁ ነው። እውነቱ በራሱ ልጆች ተጠንቶ ሲጻፍ ከውጭ የሚመጣ አጥኚ ሊክደው አይችልም፤ የተሸፈነው ግን አንድ ቀን በሌላ እጅ ይገለጣል።

አንድ ተግባር ከአሁኑ ሊጀመር ይችላል። እያንዳንዱ መስጊድ በእጁ ያሉትን ኪታቦች በአንድ ደብተር ቢመዘግብ፣ ስማቸውን፣ የገልባጩንና የባለቤቱን ስም፣ በመጨረሻው ገጽ ያለውን ዘመን ብቻ ቢጽፍ፣ የሚመጣው ተማሪ የዝግጅቱን ግማሽ ተሠርቶ ያገኘዋል። ጥናቱ ሲጠናቀቅም አንድ ቅጂ በመስጊዱ እንዲቀመጥ መጠየቅ የመስጊዱ መብት ነው። ቅጂው ከሣጥኑ ኪታቦች ጋር ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ወጣት ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚሰጠው እርሱ ይሁን።